«ገና ማንበብ አልቻለም እኮ»፦ ስለ ልጆች መጻሕፍትና ስለ በዓል ስጦታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታኅሣሥ ሲጋመስ ደብረ ብርሃን ውርጭ ለብሳ ታድራለች። ጠዋት የመደብሬን በር ስከፍት ቁልፉ ጣት ያደነዝዛል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን የገና ሸማች ይመጣል፤ ከደነባም፣ ከሰላ ድንጋይም፣ ከመሐል ሜዳም። በጉንና ቅቤውን ሲጨርስ በእኔ ደጅ ያልፋል። የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያዬን ሆን ብዬ መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ልጅ ይዞ የመጣ ሁሉ እዚያ ጋ ይቆማል። አንዱን ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ከዚያ አንድ ነገር ተናግሮ መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚናገሩት ነገር ይመሳሰላል። ሁሉም ለልጃቸው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቆሜ በጥድፊያ የምመልሰውን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

«ገና ማንበብ አልቻለም እኮ፤ ምን ያደርግለታል?»

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ለመጽሐፍ እጅግ የሚመቸው ዕድሜ በዚህ ንግግር ሰበብ ያልፋልና።

ልጅ በዓይኑ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያነብባል። የሦስት ዓመት ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሲነበብለት፣ መጽሐፍ ከየት ወዴት እንደሚገለጥ፣ እነዚያ ጥቋቁር ምልክቶች ንግግር እንደያዙ፣ ታሪክ መነሻና መድረሻ እንዳለው ያውቃል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም፤ እያየ ነው የሚይዘው። ቃላትም አሉ። ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር የምንነጋገረው በአብዛኛው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ና»፣ «ተው» ነው። መጽሐፍ ውስጥ ግን «አድማስ»፣ «ሸለቆ»፣ «አጮለቀ»፣ «ተብሰለሰለ» የሚሉ ቃላት ይገጥሙታል። ፊደል መቁጠር ሲጀምር 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ተዘርግተው 231 ሆነው ይጠብቁታል። ያንን ሁሉ ለምን እንደሚማር አስቀድሞ የቀመሰ ልጅና ትርጉሙ ሳይገባው የሚያነበንብ ልጅ እኩል አይደክሙም።

«እኔስ ራሴ ማንበብ አልችል፤ ማን ያነብለታል?» የሚሉም አሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት እማማ ከአንኮበር በኩል የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። መጽሐፉን ገለጡና ሥዕሉን አይተው «ተረት ተረት» አሉ። ልጁ «የላም በረት!» ብሎ ተቀበላቸው። ከዚያ ገጽ በገጽ እየገለጡ የራሳቸውን የጅብና የአህያ ተረት ነገሩት፤ ከተጻፈው ጋር ምንም አይገናኝም ነበር። ልጁ ሥዕሉ ላይ ጣቱን እየቀሰረ ሲጠይቅ ሲመልሱ፣ ሲጠይቅ ሲመልሱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። ማንበብ ለልጅ ሲጀመር ይኼው ነው። ጽሑፍ ጭራሽ የሌላቸው፣ በሥዕል ብቻ የሚተርኩ መጻሕፍትም አሉ። ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ ደግሞ ታላቅ ለታናሹ ያንብብ፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ምን ዓይነት ይሁን? ሁለት ዓመት ላልሞላው ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ፣ በአንድ ገጽ አንድ ትልቅ ሥዕል ያለው፤ አፉ ውስጥ መክተቱ አይቀርምና ወረቀቱ መቻል አለበት። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለው በየገጹ አንድ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በተለይም እየተደጋገመ የሚመጣ ሐረግ ያለው ይሁን። ሦስተኛ ምሽት ላይ ልጁ ያንን ሐረግ ቀድሞዎት ይለዋል። ያንኑ መጽሐፍ ደግሞ ደጋግሞ «አንብቡልኝ» ቢል አይሰልቹበት፤ ቃሉን፣ ሥዕሉን፣ የታሪኩን አካሄድ አንድ በአንድ የራሱ እያደረገ ነው።

«ለበዓል ልጅ የሚሰጠው ልብስ ነው»

ልብሱ ይሁን፤ አልቃወምም። በዚህ ብርድ ሹራብ ያልገዛ ወላጅ መጽሐፍ ይግዛ አልልም። ነገር ግን «መጽሐፍ በእኛ በዓል ቦታ የለውም» ሲባል እንቁጣጣሽን አስባለሁ። መስከረም 1 ቀን ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ፣ ወንዶቹ በወረቀት ላይ አበባና ፀሐይ፣ መልአክም ስለው በየቤቱ ይዞራሉ። ልጆቻችን በበዓል ቀን ለትልቅ ሰው የሚሰጡት ስጦታ፣ በእጃቸው ቀለም የቀቡት ወረቀት ነው! እኛ ሳንቲም እንመልስላቸዋለን። በሚቀጥለው መስከረም ለእነዚያ ትንንሽ ሠዓሊዎች ሥዕል ያለው ወረቀት ብንመልስላቸውስ? የሥዕል መጽሐፍ ማለት ይኼው ነው። ሥዕል ለሚወድ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የሥዕል ደብተርና አንድ ፓኮ የቀለም እርሳስ አብሮ መስጠት እኔ የማውቀው ምርጡ ስጦታ ነው። ለቡሄ ሙልሙል ስትሰጡ ግን ሙልሙሉን ብቻ ስጡ፤ እሱ በራሱ ሙሉ ነው።

«ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ከሆነ አጋዥ መጽሐፍ ስጠኝ»

አጋዥ መጽሐፍ አስፈላጊ ነው፤ እኔም እሸጣለሁ። የፊደል ገበታም እንዲሁ። ግን በገና ዕለት ጥያቄና መልስ የሞላበት መጽሐፍ የተሰጠው ልጅ ፊት ላይ የማየውን አውቀዋለሁ። እንኳን ልጅ ትልቅ ሰውም ለበዓል ሥራ ቢሰጡት ደስ አይለው። አጋዡን በመስከረም ከደብተሩ ጋር ይግዙለት። የበዓሉ መጽሐፍ ፈተና የሌለው፣ ማንም «ምን ተማርክ?» ብሎ የማይጠይቀው ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው መጨረሻው ላይ ምክር የሌለውን ተረት «ምን ቁም ነገር አለው?» ብሎ ይመልሰዋል። የሚያስቅ ታሪክ ቁም ነገር አለው፤ ልጁ ስቆ «ሌላ አለ?» ካለ መጽሐፉ ሥራውን ጨርሷል።

«እንግሊዝኛው ይሻለዋል፤ አማርኛውን በቤቱ ያገኘዋል»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ልጃቸው እንዲያልፍለት አጥብቀው የሚመኙ ወላጆች ናቸው። ሐሳባቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ማንበብ አንዴ የሚለመድ ችሎታ ነው፤ በሚያውቀው ቋንቋ የለመደው ልጅ ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ለጀማሪ ይመቻል። «ለ» ሁልጊዜ «ለ» ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ፊደል እንደየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል። በአማርኛ መንገዱን ያገኘ ልጅ በእንግሊዝኛው ሲደናገር «ማንበብ አልችልም» አይልም፤ «ይቺን ቃል አላውቃትም» ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አገሪቱም በ1986 ዓ.ም. ባወጣችው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ያደረገችው በከንቱ አይደለም።

ከዚሁ ከአካባቢያችን አብነት ቢያስፈልግ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ ኋላ ታላቅ ጸሐፊም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆኑ። የመንዙ ከበደ ሚካኤልም የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ መለሱልን። የራሳቸውን ቋንቋ አጥብቀው በመያዛቸው ከዓለም አልቀሩም።

ቤታችሁ የምትነጋገሩት በኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ የኦሮምኛውን የልጆች መጽሐፍ ጠይቁኝ፤ ከሌለኝ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። እንግሊዝኛውንም እምቢ አልልም፤ ከአማርኛው ቀጥሎ ይምጣ። ስትመርጡ ግን ገጾቹን አገላብጡ። ስለ በረዶ ሰውና ስለ ጭስ ማውጫ የሚተርከውን መጽሐፍ የሞላሌ ልጅ ይረዳው ዘንድ ግማሹን እናንተ ልታስረዱት ነው። ጭላዳ፣ ገብስ፣ ፈረስ ያለበት ታሪክ ቢያገኝ «ይኼንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ይጀምራል።

«ይኼ ቀጭን ነገር በዚህ ዋጋ? ደግሞ ሥዕል ብቻ ነው!»

መጽሐፉን በእጃቸው መዝነው ነው የሚሉት። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ቀጭን የሚሆነው በአሠራሩ ነው። አንድ ትልቅ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ 24 ወይም 32 ገጽ ሆነው ይጠረዛሉ። ልጅ በአንድ ቁጭታ ሰምቶ የሚጨርሰውም ያንኑ ያህል ነው። ዋጋውን የሚያስወድደው የሠዓሊው ድካም፣ ባለ ሙሉ ቀለም ኅትመቱና ወረቀቱ ነው፤ ሁሉም ገጽ ቀለም ይጠጣል።

ሥዕል ደግሞ ለሕፃን ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ይህችን ከተማ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ የሠሩ ንጉሥ ናቸው። የዚያ መጽሐፍ የብራና ቅጂዎች በሥዕል ያሸበረቁ ነበሩ። የሚያያቸውም ትልቅ ሰው ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሥዕል ያለውን መጽሐፍ ሲመርጥ «ይኼማ የሕፃን ነው» ብለን ከእጁ አንንጠቀው።

እርግጥ ቀጭን ሆኖ ደካማ የሆነም አለ፤ እኔም ከአከፋፋይ ስረከብ እመልሳለሁ። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ለጠጥ አድርጋችሁ ግለጡት፤ ገጹ ከሙጫው ከተላቀቀ ወይም የሽቦ ክሩ ሁለት ቦታ ካልያዘ ተዉት። ፊደሉ ደቃቅና የተጨናነቀ ከሆነም ለጀማሪ አይሆንም። አንድ ገጽ አንብባችሁ ሁለት የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አትግዙት፤ ልጁ ያየውን ነው የሚጽፈው።

«መጽሐፍ ለእኛ አቅም አይደለም»

ይህ አመለካከት ሁልጊዜ ስህተት ነው ብዬ አልናገርም፤ ኑሮ እንዴት እንደከበደ ሱቄ ውስጥ ቆሜ አያለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ለአንድ ልጅ ብቻ አይገዛም። ለሦስት ወንድማማቾች አንድ መጽሐፍ ይበቃል። አጎትና አክስት ተዋጥተው ይገዛሉ። አራት ጎረቤታሞች አራት የተለያየ መጽሐፍ ገዝተው በየወሩ ቢለዋወጡ እያንዳንዱ ልጅ አራት መጽሐፍ አነበበ ማለት ነው። ያገለገለ፣ ገጹ ያልጎደለ መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ የሚገኝበት ሣጥን በሩ አጠገብ አለኝ፤ ሰው ሲያፍር አየዋለሁ፣ ማፈር የለበትም። ሐዋሳ ውስጥ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ልጆች ወዳሉበት የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቷል። ጋሪ በሞላባት በእኛ ከተማ ይህን ሳስብ ልቤ ይነሣሣል።

«የሴት መጽሐፍ አለህ?»

የለኝም፤ የወንድም የለኝም። ልጅቷ ምን እንደምትወድ ንገሩኝ፦ ፈረስ? ኮከብ? ኳስ? መኪና የሚፈታታ ልጅ ነው? ጥያቄ የምታበዛ ናት? ስሙንና ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ትናንት ምን ሲያደርግ እንደዋለ ብትነግሩኝ ከመደርደሪያው ሦስት አውጥቼ አስመርጣችኋለሁ። የትንሽ ሱቅ ጥቅሙ ይኼ ነው። ከሌለኝም ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙኝ፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመኪና ይላክልኛል። በዋዜማው ከሰዓት የመጣ ሰው ግን ካለው ነው የሚመርጠው።

«እንዳይበላሽ ቡፌ ውስጥ አስቀምጡት»

ስንት ቤት ገብቼ አየሁት! የሸጥኩት መጽሐፍ ከብርጭቆና ከሸክላ ሰሃን ጋር፣ መስተዋት በር ተቆልፎበት። ለመጽሐፍ ካለን ክብር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። የልጅ መጽሐፍ ግን ልጁ እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ ከመኝታው አጠገብ መሆን አለበት። ይቀደዳል፤ በማጣበቂያ ፕላስተር ትጠግኑታላችሁ። ወጥ ይነካዋል፤ ይጠረጋል። «እጅህን ታጠብ፣ ገጹን ከጥጉ ያዝ» ብሎ ማስተማር ይበቃል። ሁለት ልጆች ያደጉበት፣ ጠርዙ የላሸቀ መጽሐፍ ሲመለስልኝ ከአዲሱ ይልቅ ደስ ይለኛል።

«መጽሐፍ ላይ መጻፍ ማበላሸት ነው»

የልጁን ጭረት ከሆነ፣ አዎ፣ ደብተር ስጡት። የሰጪው ጽሕፈት ግን ሌላ ነው። በገዳማቱና በአድባራቱ ባሉት ብራናዎች ላይ መጽሐፉን ያጻፈው፣ የሰጠው፣ የተቀበለው ሰው ስም ተጽፎ እናገኛለን፤ ስንቱን ሰው ያወቅነው በዚያች መስመር ነው። ስለዚህ ስጦታውን ከመጠቅለሌ በፊት እስክሪብቶ አቀብላለሁ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የልጁን ስም፣ በዓሉን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከማን እንደሆነ ይጻፉ። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። እኚያ የአንኮበሯ እማማ ያስጻፉኝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለልጅ ልጄ። ሲያድግ ለእኔ እንዲያነብልኝ።»