የበዓል ጠላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዓል ሲቃረብ ጋን የሚያጥብ፣ ጌሾ የሚወቅጥ ቤት ሁሉ የየራሱ ሕግ አለው። አብዛኛው በልምድ የተፈተነ ስለሆነ መነካት የለበትም። ጥቂቱ ግን ወይ ጠላውን ያበላሻል፣ ወይ ጠጪውን ይጎዳል። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች 20 ሊትር ገደማ ለሚጠምቅ ቤት ናቸው፦ 4 ኪሎ እህል (1 ኪሎው ለቂጣ፣ 3ቱ ታምሶና ተፈጭቶ በውኃ ምጣድ ላይ ለሚበስለው እንኩሮ)፣ 1 ኪሎ ብቅል እና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጌሾ። እንደየእጁ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ሳምንት ሲቀረው ቢጠነሰስ ይደርሳል»

ይደርሳል፣ ግን የሚደርሰው ያልጠራ ጉሽ ነው። ብቅሉን ገበያ ሳይወጡ እቤት ለሚያዘጋጅ ሰው ሙሉው ሥራ ወደ ሃያ አምስት ቀን ይጠጋል። ገናን እንውሰድ። ታኅሣሥ 29 ላይ (በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ) እንዲጠጣ ከተፈለገ ገብሱ ታኅሣሥ 4 ይዘፈዘፋል። በማግስቱ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይጎነቆላል። ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያክል ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ቡቃያው ራሱ እህሉን እየበላ ነው። 9 ላይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ 11 ላይ ደርቆ ይፈጫል።

ታኅሣሥ 12 የደቀቀው ጌሾ በውኃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብቅሉና ተቆራርሶ የቀዘቀዘው ቂጣ ይገባበታል። 17 ላይ እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ 24 ላይ ውኃ ተሞልቶ ይታሸጋል፤ ለ29 አምስት ቀን አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀን የማይነካው የድፍድፉ ሳምንት ነው። ጋኑን ከፍታችሁ እዩት፦ ፍላቱ በርትቶ ሳለ እህሉ በጋዝ ተገፍቶ አናቱ ላይ ይከመራል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ፍላቱ ሲበርድ ክምሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ከላይ ቀጭን ፈሳሽ ይተኛል። ውኃ የሚገባው ያኔ ነው። ክምሩ ሳይሰምጥ ውኃ ከተጨመረ ያልተበላው ስኳር ታሽጎ ይቀራል፤ የበዓሉ ዕለት ጠላው ጣፋጭና ደፍራሳ ሆኖ ይቀርባል፣ ጀሪካኑም ያብጣል።

ቀኑ ከወቅቱ ጋር ይለያያል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደጋ ላይ ፍላቱን ስለሚያዘገየው ሁለት ሦስት ቀን መጨመር ያስፈልጋል፤ ለፋሲካ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ይቀነሳል፤ ቆላ ላይ ደግሞ የድፍድፉ ጊዜ በግማሽ ሊያጥር ይችላል። የእንቁጣጣሹ ችግር ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ ብቅል ማስጫ ፀሐይ የለም፣ ያልደረቀ ብቅል ደግሞ ይሻግታል። ብልኅ ጠማቂ ብቅሏን ክረምቱ ሳይገባ አድርቃ ታስቀምጣለች። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የታየበት፣ የምድር ቤት ሽታ የሚሸት ብቅል ይጣላል እንጂ «ሲፈላ ይጠራል» አይባልም። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በፍላት አይጠፋም።

«የሚያሰክረው ጌሾው ነው»

ምናልባት በጣም የተስፋፋው ስሕተት ይኼ ነው። አልኮሉን የሚሠራው እርሾ ነው፤ እርሾው የሚበላው ስኳር ደግሞ ከእህሉ ይመጣል። ጌሾ የሚሰጠው ምሬትና ጠረን ነው፤ ጠላውን ቶሎ ከመበላሸትም ይከላከላል። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሆፕስ የሚባለው ተክል የሚሠራውን ሥራ ጠላ ውስጥ ጌሾ ይሠራዋል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ቅጠሉ ላይ እርሾ ተጣብቆ ስለሚመጣ ጥንስሱን ያስጀምራል፤ ግን ብቅሉም ጋኑም እርሾ አያጡም። ማስረጃ ከተፈለገ በደቡብ የሚጠመቀው ቦርዴ ጌሾ ሳይነካው ይፈላል፣ ያሰክራልም።

ስለዚህ ጠንከር ያለ ጠላ የሚፈልግ ሰው ጌሾ ሳይሆን እህልና ብቅል ይጨምር፣ ወይም ውኃ ይቀንስ። ጌሾ ያበዛ ሰው የሚያገኘው ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ብቻ ነው። ለ20 ሊትር 300 ግራም የደቀቀ ቅጠል ለጥንስሱ፣ 150 ግራም ያህል የተቀጠቀጠ እንጨቱ ለድፍድፉ በቂ ነው።

ውጭ አገር ጌሾ ያጡ ሰዎች በሆፕስ ሲተኩት ልኩን በጌሾ ልክ ይወስዱታል፤ የማይጠጣ ነገር ይወጣል። ለ20 ሊትር ከ20 እስከ 30 ግራም ሆፕስ ይበቃል፣ ያውም በጥቂት ሊትር ውኃ ለአንድ ሰዓት ተቀቅሎና ቀዝቅዞ ነው የሚገባው፤ የሆፕስ ምሬት ሳይቀቀል በደንብ አይወጣም፣ ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ጣዕሙ ለማንኛውም ጠላ ጠላ አይልም።

«እንኩሮው በትኩሱ ቢገባ ቶሎ ይፈላል»

ተቃራኒው ነው። ብቅል ከተራ ገብስ የሚለየው ሲጎነቆል የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን ስለሚያዘጋጅ ነው። እነዚህ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራሉ፤ ከ75 ዲግሪ በላይ ግን ፈጥነው ይጠፋሉ። እርሾው ደግሞ ከእነሱም ይብሳል፣ ከ40 ዲግሪ በላይ መሞት ይጀምራል። ከምጣድ የወረደ እንኩሮ እንፋሎቱ ሳይወጣ ጥንስሱ ላይ ከተገለበጠ ሁለቱም በአንዴ ይሞታሉ። በማግስቱ ድፍድፉ ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ቀን የሚሰማው ኮምጣጣ ሽታ ነው፣ ምክንያቱም ባዶ የቀረውን ቦታ ባክቴሪያ ይይዘዋል።

እንኩሮው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ እጅ ሲከቱበት ምንም ሙቀት እስከማይሰማ ይቀዝቅዝ። ከላይ ቀዝቅዞ ውስጡ የሚፋጅ ጉብታ ብዙ ሰው ያታልላል። ብቅልንም ለማድረቅ ብሎ ምጣድ ላይ ማመስ ያው ስሕተት ነው፤ የሚታመሰው አሻሮው (የእንኩሮው እህል) እንጂ ብቅሉ አይደለም።

ድፍድፉ ዝም ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ውኃ በጥብጦ መጨመር ያድነዋል። «የፈረንጅ እርሾ ጠላ ያበላሻል» የሚሉ አሉ፤ የዳቦ እርሾና ጠላ የሚያፈላው ዋናው እርሾ ግን አንድ ዘር ናቸው፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ይባላል።

«ጥቁር ጠላ ከነጩ ይጠነክራል»

ቀለሙ የሚነግረን አሻሮው ምን ያህል እንደታመሰ ብቻ ነው። እንዲያውም እስኪከስል የታመሰ እህል ለእርሾ የሚተርፈው ስኳር ያንሳል። ጥቁሩ የአየርላንድ ጊነስ 4.2 በመቶ አልኮል ሲኖረው ብዙ ቢጫ ቢራዎች 5 በመቶ ናቸው።

«ስኳር ጠላን ያሳምራል»

ስኳር አልኮል ይጨምራል፣ ጠላውን ግን ያቀጥነዋል። በሊትር 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ ገደማ አልኮል ይሆናል፤ ለ20 ሊትር 340 ግራም ማለት ነው። የግድ ከሆነ ድፍድፉ ላይ ይጨመር። ሊታሸግ ሲል የተጨመረ ስኳር ጋዝ ሆኖ ክዳን ይወረውራል።

«ጋኑ ከታጠነ መታጠብ አያስፈልገውም»

ጢስ የቆሸሸ ጋን አያጸዳም። ያለፈው ዓመት አተላ በጋኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ተደብቆ ካለ ጢሱ ከላይ ይቀባዋል እንጂ ውስጡ አይደርስም። መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ፣ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ይለቅለቅ፤ ከዚያ ይንጠፍጠፍ። ከታጠበ በኋላ አፉን ደፍቶ በወይራ ጢስ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ጀርባው በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል ይታጠን። እሳቱ ነበልባል ካወጣ ጋኑ ይሰነጠቃል፤ የሚፈለገው ፍምና ጢስ ነው።

ፕላስቲክ ጀሪካን አይታጠንም፣ ይቀልጣል። በሽቦም አይፈተግ፤ ጭረቱ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ በቀላሉ አይወጣም። ነዳጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን ደግሞ ለጠላ መቼም አይሆንም፣ ሽታው ቢጠፋም።

«በደንብ ካልታፈነ አይበስልም»

ይህ ከጋን ወደ ጀሪካን በተዛወርን ጊዜ ትርጉሙ የተዛባ ምክር ነው። ጋን በጭቃ ሲመረግ የታፈነ ይመስላል፣ ግን ሸክላው ራሱና የደረቀው ጭቃ ጋዙን ቀስ ብለው ያስወጣሉ። ጀሪካን አያስወጣም። ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ ጀሪካን ጎኑ ተነፍቶ፣ ታቹ ቦርጭ አውጥቶ፣ አልጋ ሥር ሳለ ሲፈነዳ 20 ሊትር ጠላ ወለል ላይ ነው። የብርጭቆ ጠርሙስ ደግሞ ይባስ፣ ስባሪው ሰው ያቆስላል።

ዓላማው ጋዝ እንዲወጣ፣ አየር ግን እንዳይገባ ነው። አየር ከገባ ኮምጣጤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ቀላሉ መፍትሔ ክዳኑን በስቶ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ማስገባት፣ ዙሪያውን በሰም መድፈን፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መንከር ነው፤ የቱቦው ውስጠኛ ጫፍ ጠላውን እንዳይነካ። ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ጠላው እየሠራ ነው። ቱቦ ከሌለ ክዳኑን ጠዋትና ማታ ላላ አድርጎ ጋዙ አፏጭቶ ሲወጣ መልሶ መዝጋት ነው። በሁለቱም መንገድ ከላይ አንድ አምስተኛው ባዶ ይተው።

«ጠላ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል»

ስኳሩ ካለቀ የሚጨመር አልኮል የለም። አፉ ከተከፈተና ጣሳ ከተመላለሰበት በኋላማ በሦስት አራት ቀን መኮምጠጥ ይጀምራል። እንግዳ ለሳምንት የሚመላለስበት ቤት 20 ሊትሩን በሁለት አሥር ሊትር ከፍሎ ያሽግ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይከፈት። ከድፍድፉ ላይ በሁለተኛ ውኃ የሚወጣው ቅራሪ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚኮመጥጥ መጀመሪያ ይጠጣ።

«ጠላ ነው እንጂ ቢራ አይደለም፣ መኪና ያስነዳል»

የጠላ አልኮል እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይሆናል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ 5 በመቶ ጠላ 20 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቢራ ጠርሙስ በዚያው 5 በመቶ 13 ግራም ነው። አንድ ጣሳ አንድ ተኩል ቢራ ሆነ ማለት ነው፣ ባለቤቲቱም «ጨምር እንጂ!» ማለቷ አይቀርም። ለነፍሰ ጡርም ለልጅም አይሆንም፤ «ቅራሪ ነው» ማለት አልኮሉን አያጠፋውም።

«ውጭ አገር ጠላ መጥመቅ ወንጀል ነው»

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1978 የወጣው ፌዴራል ሕግ ለቤት ፍጆታ የሚጠመቅ ቢራን ፈቅዷል፤ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለበት 200 ጋሎን። 200 ጋሎን ከ750 ሊትር ይበልጣልና ለበዓሎቹ ሁሉ ይተርፋል። ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን አይቻልም፣ ለማኅበር ዝግጅት መዋጮ እየሰበሰቡ መቅዳትም እንደ ሽያጭ ሊቆጠር ይችላል። ሳዑዲና ኩዌት ላይ ደግሞ እቤት መጥመቅ ራሱ ለእስርና ከአገር ለመባረር ያበቃል። እዚያ ያሉ አንዳንዶች «ቀሪቦ ጌሾ የለውም፣ ችግር የለውም» ይላሉ። ቀሪቦም ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚፈላ ነው፤ ሁለት ቀን ሙቀት ውስጥ ካደረ አልኮል አለው።