ብድር፣ አነስተኛ ንግድና ክብር ያለው ሥራ በታዳጊ አገሮች

ጥቃቅንና አነስተኛ ንግዶችን በብድር፣ በሥልጠናና በሕግ መደገፍ በታዳጊ አገሮች ድህነትን ለመቀነስ ከተሞከሩትና ብዙ ገንዘብም ብዙ ተስፋም ከፈሰሰባቸው መንገዶች አንዱ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ሰው፣ ሥራ ካለው ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ ማለት ነው፣ የሚሠራው መደበኛ ባልሆነው ኢኮኖሚ ውስጥ ነው። የሥራ ውል የለውም፣ ጡረታ አይጠብቀውም፣ ከታመመ የዕለት ገቢው በዚያው ይቋረጣል።

ይህን ሕዝብ ለማገዝ ሁለት የአስተሳሰብ መስመሮች ጎን ለጎን አድገዋል። አንደኛው የጎደለው ገንዘብ ነው ይላል፤ ድሃው መነሻ ካፒታል ካገኘ የራሱን ሥራ ይፈጥራል። ከዚህ ማይክሮፋይናንስ ተወለደ። ሁለተኛው ደግሞ ድሃ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፋል፣ የጎደለው ልፋቱ የሚከፍለውና የሚጠብቀው መሆኑ ነው ይላል። ከዚህኛው ክብር ያለው ሥራ የሚባለው አጀንዳ መጣ። ሁለቱ ስለ አንድ ሰው ቢናገሩም ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልተነጋገሩም። የዘርፉ ብዙ ውድቀቶች የሚገኙት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የብድሩ አመጣጥ

ንብረት ለሌለው ሰው ያለ መያዣ ማበደር አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ራይፋይዘን ገበሬዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱበትን የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። በታዳጊ አገሮች ግን ዘመናዊው መልክ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። አክሲዮን (ACCION) የተባለው ድርጅት በ1973 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ለጥቃቅን ነጋዴዎች ማበደር ጀመረ። በ1974 ደግሞ በሕንድ አሕመዳባድ፣ በኤላ ባት የተመሠረተው የራስ ሥራ ሠራተኛ ሴቶች ማኅበር (ሴዋ) የራሱን ባንክ ከፈተ።

ከሁሉም በላይ የታወቀው ግን የባንግላዴሹ ነው። በ1976 የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህሩ መሐመድ ዩኑስ ጆብራ በምትባል አጎራባች መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ያህል ከኪሱ አበደረ። ከተበዳሪዎቹ መካከል የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ቀርከሃውን የሚገዙበት ገንዘብ ስለሌላቸው ከነጋዴ ይበደራሉ፤ በለውጡም የሠሩትን በርጩማ ለዚያው ነጋዴ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ያስረክባሉ። ለእነሱ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የትንሽ ብድርን ተአምር ለማሳየት ነው። በእኔ ንባብ ግን የሴቶቹ ችግር ከገንዘብ እጦቱ ይልቅ የመደራደር አቅም ማጣት ነበር፤ ብድሩ የሠራው ገዢያቸውን የመምረጥ ነፃነት ስለመለሰላቸው ነው። ከዚህ ጅምር ያደገው የዩኑስ የብድር ፕሮጀክት፣ ግራሚን፣ በ1983 ባንክ ሆነ፣ በ2006 ደግሞ ዩኑስና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋሩ።

የግራሚን አሠራር በመላው ዓለም ተቀድቷል። አምስት ሰዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ቡድን ይመሠርታሉ። መጀመሪያ ሁለቱ ይበደራሉ፤ እነሱ በወጉ ሲከፍሉ ታይቶ የሌሎቹ ተራ ይደርሳል። ክፍያው በየሳምንቱ በስብሰባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። የመያዣውን ቦታ የተካው የጎረቤት ዓይን ነው ማለት ይቻላል። ይህ የጋራ ተጠያቂነት ለብድር መመለስ የግድ ነው ተብሎ ለዓመታት ቢታመንም፣ በፊሊፒንስ የአንድ ባንክ የቡድን ዋስትና ተነስቶ እያንዳንዱ ተበዳሪ በራሱ ብቻ እንዲጠየቅ ሲደረግ የማይከፍለው ሰው ቁጥር አልጨመረም።

ወለዱና የክፍያው ቀን

የትንሽ ብድር ወለድ ከባንክ ወለድ የሚበልጥበት ምክንያት አለው። የብድር ሠራተኛው መንደር ድረስ ሄዶ፣ ተበዳሪውን አነጋግሮ፣ ክፍያ ሰብስቦ ለመመለስ የሚያወጣው ጊዜና ወጪ ብድሩ 100 ዶላር ሆነ 10,000 ዶላር ያው ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ተበዳሪው የሚነገረው ወለድና በእርግጥ የሚከፍለው ወለድ የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት 1,000 ዶላር በዓመት 20 በመቶ ተበደረች እንበል። ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ሙሉ መጠን ላይ ከሆነ ጠቅላላ ዕዳዋ 1,200 ነው፤ በ52 ሳምንት ሲከፈል በየሳምንቱ 23 ዶላር ያህል ይደርስባታል። ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዋናውን ገንዘብ እየመለሰች ነው። በዓመቱ አጋማሽ እጇ ላይ ያለው የባንኩ ገንዘብ ከግማሽ ብዙም አይርቅም፣ ወለዱ ግን አሁንም የሚታሰበው በሺው ላይ ነው። በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከብድሩ ላይ አስቀድሞ ለግዴታ ቁጠባ ተብሎ ከተቀነሰ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የዋጋ ግልጽነት ሕግ ባለባቸው አገሮች አበዳሪው ይህን ቁጥር በውሉ ላይ እንዲጽፍ ይገደዳል፤ በሌሉባቸው ተበዳሪዋ የምታውቀው ሳምንታዊ ክፍያዋን ብቻ ነው።

ከወለዱ ያላነሰ ክብደት ያለው፣ እምብዛም የማይወራለት ነገር የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ነው። በተለመደው አሠራር ተበዳሪ ብድሩን በወሰደ በሁለተኛው ሳምንት መክፈል ይጀምራል። የልብስ ስፌት መኪና የገዛ ሰው በሁለት ሳምንት ደንበኛ አያፈራም። ስለዚህ ገንዘቡን ዛሬ ገዝቶ ነገ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ያውለዋል፤ ይህ ዓይነቱ ንግድ ደግሞ ሰው አይቀጥርም፣ አያድግም። በኮልካታ በተደረገ ጥናት በዕጣ ለተመረጡ ተበዳሪዎች የሁለት ወር የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ትርፋቸው ከሌሎቹ በግልጽ በልጦ ተገኘ። በዚያው ልክ ሳይከፍሉ የቀሩትም በዙ። አበዳሪዎች ከእፎይታ የሚሸሹበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥጋቱ የእነሱ፣ ትርፉ የተበዳሪው ነው።

ትርፍ ሲገባበት

በ1992 በቦሊቪያ ባንኮሶል ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወደ ንግድ ባንክነት ሲሸጋገር ዘርፉ በእርዳታ ገንዘብ ብቻ እንደማይኖር ታየ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ፈጣን ነበር። በ2007 የሜክሲኮው ኮምፓርታሞስ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ባለድርሻዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አገኙ። ደንበኞቹ ይከፍሉት የነበረው ወለድ፣ ግብሩ ተጨምሮበት፣ በዓመት ወደ 100 በመቶ ይጠጋ ነበር። ዩኑስ ይህን ከአራጣ አበዳሪነት ለይቶ አላየውም።

በሕንድ የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የተከሰተው የባሰ ነው። አበዳሪዎች ለዕድገት ሲሽቀዳደሙ አንድ ቤተሰብ ከሦስትና አራት ተቋማት ተበዳሪ ሆነ፤ የአንዱ ዕዳ በሌላው ይከፈል ነበር። በ2010 ዕዳ የገቡ ሰዎች ራሳቸውን ማጥፋታቸው ሲዘገብ የግዛቱ መንግሥት አሰባሰቡን በጥብቅ የሚገድብ ድንጋጌ አወጣ። ተበዳሪዎችም መክፈል አቆሙ፣ ዘርፉ በግዛቱ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ቦስኒያ፣ ሞሮኮና ኒካራጓም ተመሳሳይ ቀውስ አይተው ነበር። በሁሉም ዘንድ የአበዳሪዎቹ ቁጥርና ፍጥነት ከተበዳሪዎቹ ገቢ ቀድሞ ሮጧል።

ማስረጃው ምን ይላል?

በ2015 በስድስት አገሮች፣ ማለትም በቦስኒያ፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሞንጎሊያና በሞሮኮ፣ የተካሄዱ ጥናቶች ውጤት በአንድነት ታተመ። ብድሩ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው አካባቢዎች ወይም ሰዎች በዕጣ ተለይተው ተነጻጸሩ። አማካዩ ተበዳሪ ከድህነት አልወጣም። በብዙ ቦታ ብድሩን የፈለገው ሰው ራሱ ከተጠበቀው በታች ነበር። ነገር ግን ብድሩ ሰውን አላጠፋም፤ ቤተሰቦች ገቢና ወጪያቸውን የሚያስተካክሉበት፣ ሥራቸውን የሚመርጡበት ጥቂት ነፃነት አግኝተዋል። ከብድሩ በፊት ንግድ የነበራቸው የተሻለ ተጠቅመዋል። ይህ የሚያስገርም አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው ወደ ጥቃቅን ንግድ የሚገባው ነጋዴ መሆን ፈልጎ ሳይሆን ደመወዝ የሚከፍለው አጥቶ ነው።

በስሪላንካ የተሠራ ሌላ ጥናት ለጥቃቅን ነጋዴዎች የማይመለስ ገንዘብ ሰጠ። የወንዶቹ ትርፍ ጨመረ፣ የሴቶቹ ግን ምንም አላደገም። ይህ ውጤት መጀመሪያ ሴቶች ለንግድ አይበረቱም የሚል ንባብ ሊያሰጥ የሚችል ነበር። በኋላ መረጃው በቤተሰብ ደረጃ ሲመረመር ሌላ ነገር ወጣ፦ ባል የራሱ ንግድ ባለበት ቤት ለሚስት የተሰጠው ገንዘብ ወደ ባል ንግድ ይሄዳል። በቤቱ ውስጥ ንግድ ያላት እሷ ብቻ ስትሆን ገንዘቡ ይሠራል።

ከብድር ውጪ ያሉ መንገዶች

በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት በኒጀር ሴቶችን በቁጠባ ቡድን ማደራጀት ጀመረ። ከውጭ የሚገባ ገንዘብ የለም። አባላቱ በየስብሰባው ይቆጥባሉ፣ ከተቆጠበው ይበዳደራሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከነወለዱ ይከፋፈላሉ። ገንዘቡ ያለው ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሰዎች ይይዛሉ፣ ሣጥኑን ደግሞ አራተኛ ሰው። የሚከፈተው ሁሉም ባለበት ስለሆነ መጻፍ የማትችል አባል እንኳ ሒሳቡን በዓይኗ ታየዋለች። ወለዱ የአባላቱ መሆኑ ከሁሉም ይለየዋል።

ለድሃ ድሃው ግን ቁጠባም ብድርም ሩቅ ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት በ2002 የጀመረው ፕሮግራም ፍየል ወይም ላም የመሰለ ንብረት፣ ለጊዜው መቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ፣ ሥልጠናና በየሳምንቱ የሚመላለስ አማካሪ በአንድነት ይሰጣል፤ ሁለት ዓመት ያህል። በስድስት አገሮች ተፈትሾ ውጤቱ ፕሮግራሙ ካበቃ በኋላም ቆይቷል። ውድ ግን ነው። የንግድ ሥልጠና ለብቻው ሲሰጥ ውጤቱ ደካማ ነው። በቶጎ ሒሳብ አያያዝን ከማስተማር ይልቅ ሰው በራሱ ተነሳሽነት ዕድል እንዲፈልግ ያሠለጠነው ፕሮግራም ትርፍን በ30 በመቶ ማሳደጉ ግን ብዙዎችን አስገርሟል።

ተቀጣሪው የት አለ?

ክብር ያለው ሥራ የሚለውን አጀንዳ በ1999 ያቀረበው የወቅቱ የዓለም የሥራ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቺሊያዊው ኹዋን ሶማቪያ ነው። ሥራ መፍጠር፣ የሥራ ላይ መብት፣ ማኅበራዊ ጥበቃና ማኅበራዊ ምክክር የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት፤ በ2015 በዘላቂ ልማት ግቦች 8ኛው ግብ ውስጥ ገብቷል።

የማይክሮፋይናንስ ሪፖርት ተበዳሪዎችን ይቆጥራል። በተበዳሪዋ ሱቅ ወይም ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የዘመድ ልጅ፣ ተለማማጁ፣ በቀን የሚከፈለው ረዳት ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። የብዙ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም ከተወሰነ ቁጥር በታች ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ከአንዳንድ ግዴታዎች ነፃ ያደርጋል። ንግዱ ሲያድግ ደግሞ ነገሩ በራሱ አይስተካከልም፦ ትንሽ ብድር ከሁሉም በላይ በታወቀባት በባንግላዴሽ በ2013 ራና ፕላዛ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች አልቀዋል። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደርገዋል።

ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ የያዘው ሴዋ ነው። ባንክም የሠራተኛ ማኅበርም ነው። አባላቱ በቤታቸው የሚሰፉ፣ ሲጋራ የሚጠቀልሉ፣ በየመንገዱ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፤ ያበድራቸዋል፣ ለሠሩት ዕቃ በሚከፈላቸው ዋጋም ከነጋዴ ጋር ይደራደርላቸዋል። በ1996 በራስ ቤት ሆኖ ለአሠሪ የሚሠራ ሥራን የሚመለከተው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 177 እንዲጸድቅ ከገፉት መካከል አንዱ ነው። ብራዚል በሌላ በር ገብታለች፦ ከ2009 ጀምሮ ግለሰብ ነጋዴ በወር አንድ ትንሽ ክፍያ ግብሩንም የጡረታ መዋጮውንም ጨርሶ ሕጋዊ ይሆናል። ምዝገባ በቅጣት ብቻ ሲመጣ ነጋዴ ይሸሸዋል፤ ከጡረታና ከሕመም ፈቃድ ጋር ሲመጣ ግን ወረፋ ይይዝለታል።

ስልኩ

አሁን ብድሩ መንደር ድረስ የሚመላለስ ሠራተኛ አያስፈልገውም። በኬንያ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤም-ፔሳ በ2007 ከተጀመረ በኋላ በ2012 የመጣው ኤም-ሽዋሪ በስልክ ለ30 ቀን ሲያበድር 7.5 በመቶ ክፍያ ይወስድ ነበር፤ በዓመት ሲታሰብ 90 በመቶ ማለት ነው። ብድሩ በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ቡድን የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ለምን እንደሆነም የሚጠይቅ የለም። ተከትለውት የመጡ በርካታ መተግበሪያዎች ያልከፈለ ሰው ሲያጋጥማቸው በስልኩ ውስጥ ያሉ ዘመዶቹና አሠሪው ዘንድ እየደወሉ ማሳፈር ጀመሩ። ኬንያ በ2021 ባወጣችው ሕግ ዲጂታል አበዳሪዎች ከማዕከላዊ ባንኩ ፈቃድ እንዲያወጡ አስገድዳለች፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው ደንብም ዕዳን ለማስመለስ የተበዳሪን ዘመድና ወዳጅ ማስጨነቅን ይከለክላል።