«ወደቅሁ» ስትል፦ በጤና ተቋም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ጤና ተቋማት ለሚሠሩ ባለሙያዎች

«የባልና ሚስት ገበና ነው፤ ሐኪም አይገባበትም።»
የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል። ገበና አይደለም።

«ተመትታ ቢሆን ትናገር ነበር።»
በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ ጉዳቱን እዩ። የወደቀ ሰው በአብዛኛው መዳፉን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን ይጎዳል። ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ጡት ወይም የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ያለ ጉዳት፣ አዲስና አሮጌ ሰንበር አንድ ላይ፣ ዘግይቶ መምጣት፣ በእሷ ፋንታ የሚመልስ ባል፦ እነዚህን ካያችሁ ጠይቁ።

«ባሏ ቢሰማም ችግር የለውም፤ ያስተረጉምልን።»
ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ባልን ወደ ካርድ ክፍል ወይም ወደ ፋርማሲ ላኩት፤ በሩን ዝጉ። ከአዊ ለመጣች አገውኛ ተናጋሪ፣ ከመተከል ለመጣች ጉሙዝኛ ተናጋሪ አስተርጓሚው ባል፣ አማት ወይም ልጅ አይሁን፤ ከሠራተኛው መካከል ቋንቋውን የሚችል፣ ቢቻል ሴት፣ ፈልጉ። ከዚያ በቀጥታ፦ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው አለ?» የለም ካለች አታስጨንቋት፤ በሚቀጥለው ክትትል እንደገና ይጠየቃል።

«አንገቷ ላይ ምልክት ስለሌለ አልታነቀችም።»
መታነቅ ምልክት ሳይተው የደም ሥር ሊጎዳ፣ ከቀናት በኋላም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ራስን መሳት ካለ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መሸኘት አደገኛ ነው፤ ወደ ሆስፒታል ትላክ።

«ተደፍራ ከሆነ መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት ታምጣ።»
የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ፣ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ (ሌቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊግራም) እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ካርድ ካወጣችበት ሳይሆን ጥቃቱ ከደረሰበት ነው፤ ከጣና ደቅ ደሴት በጀልባ ለመጣች ሴት ከፊሉ በመንገድ አልቋል።

«ባልን ጠርተን እናስታርቃቸው፤ ካልሆነም ጥላው ትውጣ።»
መናገሯን ባሏ ካወቀ ማታ ቤት ውስጥ የምትቀጣው እሷ ናት። መለያየትም በራሱ አደጋውን ሊያባብሰው ይችላል። ሽማግሌና ንስሐ አባት መጥራት የእሷ ምርጫ ነው። የእናንተ ሥራ መጠየቅ ነው፦ ድብደባው እየባሰ ነው? እገልሻለሁ ብሎ ያውቃል? መሣሪያ አለው? ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?

መዝገቡ ላይ ቃሏን እንዳለችው፣ ቁስሉን በቦታና በሴንቲሜትር ጻፉ፤ ፍርድ ቤት ሊፈልገው ይችላል። በእጇ ይዛ በምትሄደው የቀጠሮ ወረቀት ላይ ግን ስለ ጥቃቱ ምንም አትጻፉ።