ራብዶማዮሊሲስ ምንድን ነው? ከረጅም ኦፕሬሽን በኋላ የሚመጣ የጡንቻ መፈራረስ

አንድ ታካሚ ኦፕሬሽን የተደረገው ሆዱን ነው። ሲነቃ ግን «መቀመጫዬን አመመኝ» ይላል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ አንዳንዱም አፍሮ ዝም ይላል። ዝም የሚባልበት ህመም ግን አይደለም።

ራብዶማዮሊሲስ የሚባለው የጡንቻ ሕዋሳት ሲፈርሱ ውስጣቸው የነበረው ነገር ወደ ደም ሲፈስ ነው። ፍርስራሽ ሥር መቀበር፣ ከአቅም በላይ ስፖርት መሥራት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል። እዚህ ግን ያደረሰው ቢላው ሳይሆን አተኛኘቱ ነው።

ሰው ተኝቶ እንኳ ይገላበጣል። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ግን ንቅንቅ አይልም። ክብደቱ በሙሉ ለሰዓታት መቀመጫው፣ ጀርባውና ትከሻው ላይ ያርፋል። የተጫነው ጡንቻ ደም ያጥረዋል፤ ደም ሲያጥረው ኦክስጅንም ያጣና መሞት ይጀምራል። ወፍራም ሰው ከሆነ ስቡ እንደ ፍራሽ ይከላከልለታል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። እንዲያውም ሸክሙ ራሱ ስቡ ነው። በተለይ ቢኤምአይው (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላበት መለኪያ) ከ50 በላይ የሆነ ሰው ከ4 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ያሰጋል።

ከጡንቻው የወጣው ፖታሲየም የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ባስ ሲልም ልብን ሊያቆም ይችላል። ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሽንትንም ጥቁር ቡናማ ያደርጋል። ሽንቱ ስላልጠቆረ ብቻ ግን ችግር የለም ማለት አይቻልም።

ቁርጡን የሚነግረው ሲኬ የተባለው የደም ምርመራ ነው፤ ሲኬ ጡንቻ ሲፈርስ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ከጤናማው መጠን ከ5 እጥፍ በላይ ከሆነ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። ብዙውን ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ከጉዳቱ በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ ምርመራው ይደጋገማል።

ዋናው ሕክምና በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ቶሎ መስጠት ነው። ኩላሊቱ ከደከመ እጥበት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው፦ ጫና የሚበዛበትን ቦታ በወፍራም ስፖንጅ መደገፍ፣ የሚቻል ከሆነ አተኛኘቱን መቀየር፣ በጣም የሚረዝመውን ኦፕሬሽን ለሁለት መክፈል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ ማስታገሻ የሚሰጠው ታካሚ የመቀመጫው ህመም ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። እሱን «ያምሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ደሙን መመርመር ያስፈልጋል።