ደጋግመን የምንጠቀምባቸው ሥዕሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ የማተሚያ ቤት ሥራ ይመሳሰላል። የምረቃ ሰርተፊኬት፣ የሠርግ ካርድ፣ የሆቴል ሜኑ። ዳር ዳሩን ጥለት፣ ጥጉ ላይ ሎጎ። አንዴ የተሣለው ነገር ሁሉም ገጽ ላይ ይገባል። አገባቡ ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

«ኮፒ ፔስት ካደረግኩት በቂ ነው»

ለሁለት ገጽ ይሁን። ለ300 ሰርተፊኬት ግን ያንኑ ጥለት 300 ጊዜ ፋይሉ ውስጥ እየጻፋችሁ ነው። ደንበኛው «መስመሩ ትንሽ ይቅጠን» ያለ ዕለት ጉድ ፈላ። በኤስቪጂ (ሥዕል በመስመርና በቅርጽ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ሲምቦል፣ በፒዲኤፍ ደግሞ ፎርም ኤክስኦብጀክት የሚባለው ሥዕሉን አንዴ ብቻ ያስቀምጣል፤ ገጾቹ እየጠሩ ይጠቀሙበታል። ሁሉም ሶፍትዌር ግን ሲምቦሉን እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ አያሻግርም። የፋይሉ መጠን ካበጠ እሱን ጠርጥሩ።

«ራሱን የቻለ ሥዕል ከገጹ ምንም አይወስድም»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የጣና ታንኳ ያለበት ሎጎ ሠራችሁ እንበል። ቀለሙን ሥዕሉ ውስጥ ካልጻፋችሁ፣ በሚጠራበት ሰዓት ገጹ ላይ የነበረውን ቀለም ይወርሳል። ቀደም ብሎ ርዕሱ በቀይ ተጽፎ ቀለሙ ካልተመለሰ ታንኳዋም ቀይ ሆና ቁጭ ትላለች። የመስመር ውፍረትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሥዕሉ ራሱ ይያዝ። አንዳንዴ ግን ቀለሙን ሆን ብሎ መተው ያዋጣል፦ ገጹ ላይ የምትሰጡትን ቀለም እየወረሰች ያችው ታንኳ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ሽፋን ላይ ነጭ ትሆናለች።

ፎንትም አለ። ሎጎው ላይ የግዕዝ ፊደል ካለና ፎንቱ አብሮ ካልታሸገ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጽሑፉን ወደ ከርቭ መቀየር፣ ማለትም ፊደሉን ተራ ቅርጽ ማድረግ፣ ይገላግላል። ከዚያ በኋላ ግን ፊደል ማረም ስለማይቻል ያልተቀየረውን ኮፒ አስቀምጡ።

«ቬክተር ስለሆነ ቢያንስም ቢተልቅም ችግር የለውም»

ቬክተር ማለት እንደ ፎቶ በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተሣለ ሥዕል ነው። ጥራቱ አይበላሽም፣ እውነት ነው። ግን ሥዕሉ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ይቀጥናል። ግማሽ ነጥብ የነበረው ጥለት ወደ ሩብ ሲወርድ 0.125 ነጥብ ይሆናል። አንድ ነጥብ ራሱ የኢንች 1/72 ነው! ስክሪን ላይ ያያችሁት መስመር ወረቀት ላይ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። ውስጡ የተለጠፈ ፎቶ ካለ ደግሞ እሱ ያው ፎቶ ነው፤ ሲተልቅ ይደበዝዛል።

«ወሰኑን ልክ በሥዕሉ ጫፍ ማድረግ ነው»

ወሰን ማለት ሥዕሉ የሚታይበት ሳጥን ነው፤ ከሱ ያለፈው ይቆረጣል። መስመር ደግሞ ከመሐሉ ግራና ቀኝ እኩል ይወፍራል። 4 ነጥብ የሚወፍር ክፈፍ ወሰኑ ላይ ካረፈ 2 ነጥቡ ውጭ ቀርቶ ይቆረጣል። ትንሽ አስፉት።

«ሲምቦሉን ካስተካከልኩ የላክሁት ፒዲኤፍም ይስተካከላል»

አይስተካከልም። በቴሌግራም የሄደው ሄዷል። እንደገና ኤክስፖርት አድርጋችሁ፣ ስሙ ላይ ቀን ጨምራችሁ ላኩ፤ «የድሮውን አጥፉት» ማለትም አትርሱ።