ጂፒኤስ ጫካ ውስጥ ለምን ይሳሳታል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትነዱ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ሲል ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ አንዳንዴ ከመንገድ ወጥታ ጫካ ትገባለች። ብዙ ሾፌር «ኔትወርክ ጠፋ» ይላል። ኔትወርክና ጂፒኤስ ግን ለየቅል ናቸው። ኔትወርክ የካርታውን ሥዕል ያወርዳል፤ የቆማችሁበት ቦታ የሚሰላው ግን 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚመጣ ሞገድ ነው። ካርታውን ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክም ይሠራል።

ሞገዱ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ቅጠልና ቅርንጫፍ ውስጥ ደግሞ ውሃ አለ፤ ውሃ ሞገዱን ይውጠዋል። ክረምት ላይ ዝናብ ያረጠበው ቅጠል የባሰ ነው።

ክፉኛ የሚያሳስተው ግን ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ነው። ግንድ ወይም ገደል መትቶ ሲመጣ መንገዱ ስለሚረዝም ይዘገያል። መሣሪያው ርቀትን የሚያሰላው ሞገዱ በፈጀው ጊዜ ነውና ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። ቦታን በወጉ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ዛፉ ከፊሎቹን ሲጋርድ በተረፉት ይገምታል።

በነጥቧ ዙሪያ ያለችው ፈዛዛ ክብ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ናችሁ» ማለት ናት። ክቧ ከሰፋች ነጥቧን አትመኑ። እባካችሁ፣ በተለይ የእንጦጦ ጥምዝ ላይ ዓይናችሁ ከመንገዱ አይነሳ። ስልኩን ከኪስ አውጥታችሁ ዳሽቦርድ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጡት። ዛፉ ሳስቶ ሰማዩ ሲገለጥ ነጥቧ ራሷ ትመለሳለች።