«የእድገት ፋክተር ተቀባይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ጅማ ሕሙማንን የምናስታምም ሰዎች በምንወያይበት ቡድን ውስጥ፣ በሳንባ ካንሰር ምርመራ ውጤት ላይ የሚጻፈው «የእድገት ፋክተር ተቀባይ» የሚለው ቃል ከሆርሞን ጋር በተደጋጋሚ ሲምታታ ስላየሁ ልዩነቱን ላስረዳ። በአማርኛ ሆርሞን አመንጪውንም አካል፣ በሽታ የሆነውንም እብጠት «ዕጢ» ማለታችን ነገሩን ሳያወሳስበው አልቀረም።

ሆርሞን ከአመንጪው ዕጢ ወጥቶ በደም ሩቅ አካል ድረስ የሚጓዝ መልእክት ሲሆን፣ የእድገት ፋክተር ግን በአብዛኛው በጎረቤት ሕዋሳት መካከል «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። ትእዛዙን የሚቀበለው በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ ነው።

የግቢ በር መጥሪያን እናስብ፦ እንግዳ ሲጫነው ይጮኻል፣ ሲለቀው ዝም ይላል፤ ተጭኖ ከቀረ ግን ደጅ ላይ ማንም ሳይኖር ሲጮኽ ይውላል። በአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች፣ ይበልጡንም ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ በሚታየው አዴኖካርሲኖማ በተባለው የካንሰር ዓይነት፣ ተቀባዩን የሚሠራው ጂን ስለሚለወጥ፣ ፋክተሩ ሳይመጣም ሕዋሱ ይባዛል። ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የታወቀ ሲሆን፣ ጀፊቲኒብና ኦሲመርቲኒብ የተባሉት መድኃኒቶች የተጣበቀውን መጥሪያ ዝም ያሰኛሉ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት የጂን ምርመራ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው የተረጋገጠ ነው። በሳንባ ካንሰር የሆርሞኖች ሚና ግን ያን ያህል አልተረጋገጠም፦ ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ተቀባይ በአንዳንድ ሕሙማን የሳንባ ዕጢ ላይ ይገኛል፣ በቤተ ሙከራም ኢስትሮጅን እድገቱን ሲያፋጥን ታይቷል፤ ሆኖም ኢስትሮጅንን መግታት እንደ ጡት ካንሰር ለሳንባም የተለመደ ሕክምና አልሆነም።